ጦም ያደረ መሬት የማን ነው?

በዌስት ባንክ «የመንግሥት መሬት» ሲባል ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 የወጣው የኦቶማን ሕግ «ሚሪ» በሚባል፣ ባለቤትነቱ የመንግሥት በሆነ መሬት ላይ ለገበሬው የመጠቀም መብት ብቻ ይሰጠዋል። መሬቱ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ዓመት በተከታታይ ጦም ካደረ ግን መብቱን ሊያጣ ይችላል። እስራኤል ብዙ መሬት የመንግሥት ነው ስትል የምትጠቅሰው ይህንኑ ሕግ ነው።

ስለዚህ የፍልስጤም ገበሬ ወይራውን ሲገርዝ መሬቱ እንደሚለማ ማስረጃ እያኖረ ነው። የእስራኤል ጦር ኬላ ወደ መሬቱ እንዳያልፍ የከለከለውስ እንዴት ይግረዝ? እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ለሚለማ መሬት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከቤተልሔም አጠገብ ባለችው የባቲር መንደር ስምንት ነባር ቤተሰቦች የምንጩን ውኃ ለእርከኖቻቸው በየተራ ይለቃሉ። አንዱ ዙር የሚሞላው በስምንት ቀን ነው። እርከኖቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ቅርስ ሆነው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።