«ባህር የሰውን ክፉ ሁሉ ያጥባል» ማን አለው? ለምንስ አለው?

ዌልስ ውስጥ ቴንቢ የምትባል በግንብ የታጠረች የባህር ዳር ከተማ አለች። ወደ ወደቧ ስትወርዱ ላስተን ሀውስ የሚባል ቤት ግንባሩ ላይ በግሪክ ፊደል አንድ መስመር ተጽፎበታል፣ ሲነበብ «ታላሳ ክሉዜይ ፓንታ ታንትሮፖን ካካ» ነው የሚለው። ካካ የተባለው ክፉ ነገሮች ማለት ነው እንጂ የኛ ህጻናት የሚሉት አይደለም ሃሃ። «ክሉዜይ» ደግሞ ዝም ብሎ አጠበ አይደለም፣ ማዕበል እየመታ ሲያለቀልቅ ነው። ባጭሩ ባህር የሰውን ክፉ ሁሉ አለቅልቆ ይወስዳል ነው ነገሩ።

ያስጻፈው ሰር ዊሊያም ፓክስተን ነው፣ ህንድ ካልካታ ውስጥ ሀብት አፍርቶ የመጣ ባለባንክ። እሱ ሲመጣ ከተማዋ አልቆላት ነበር፣ እ.ኤ.አ በ1650 ወረርሽኝ ከህዝቧ ግማሽ ያህሉን ጨርሷል፣ በ1763 እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ ሲያልፍባት ሁለት ሶስተኛዋ ወይ ፈርሷል ወይ ጠፍቷል ብሎ ነው የጻፈው። በናፖሊዮን ጦርነት ግን የእንግሊዝ ሀብታም አውሮፓ ሄዶ መዝናናት ስላልቻለ ፓክስተን በ1800ዎቹ መጀመሪያ የባህር ውሃ መታጠቢያ ቤት ከፈተላቸው፣ የዛን ጊዜ ሐኪሞች ደግሞ በሽተኛውን ባህር ውስጥ መንከር ብቻ አይደለም ያጠጡትም ነበር፣ ጸበል በሉት። እና ጥቅሷ በግልጽ ማስታወቂያ ናት።

የሚያስቀው ግን አባባሉ ከየት እንደመጣ ነው። የግሪኩ ዩሪፒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ድራማ ውስጥ ኢፊጌኒያ የምትባል የቤተመቅደስ አገልጋይ ናት የምትለው። እናቱን የገደለው ወንድሟ ሊሰዋ ተይዟል፣ እሷ ለንጉሱ «ይሄ ሰውዬ የረከሰ ነው መጀመሪያ መታጠብ አለበት» ትለዋለች፣ ንጉሱም በምንጭ ውሃ ነው በባህር ብሎ ሲጠይቅ ይቺን መስመር ጣል ታደርግለታለች። ምንጭ ብትለው እኮ አለቀላቸው፣ ወንድሟ የመጣበት መርከብ ያለው ባህር ላይ ነዋ! ንጉሱ አምኖ ፈቀደ፣ እነሱም ተሳፍረው እብስ። ማለትም አባባሉ ሲወለድ የህክምና ምክር ሳይሆን የማምለጫ ዘዴ ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለቴንቢ የሚሄድላት ይሄኛው ትርጉም ነው። በ1471 የ14 ዓመቱ ሄንሪ ቱዶር ከአጎቱ ከጃስፐር ጋር ጠላት ሲያሳድዳቸው እዚቹ ከተማ ገቡ፣ ከንቲባው ቶማስ ኋይት ምድር ቤት ደበቃቸው፣ ከዛ መርከብ ላይ ወጥተው ወደ ብሪታኒ፣ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለችው። ልጁ 14 ዓመት ቆይቶ በዛው ባህር ተመልሶ መጣና ሄንሪ 7ኛ ተብሎ እንግሊዝ ላይ ነገሠ።