ቁጢ፦ የሐረር የቡና ቅጠልና የማውጣት ብልሃቱ

ሐረር ላይ ቡና ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። ገለባው ሆጃ ይሆናል፤ ቅጠሉ ደግሞ ቁጢ። የደረቀው ቅጠል ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይፈረፈራል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይንተከተካል። ጨው ወይም ስኳር ይገባበታል። ወተት የሚጨምርበትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን መጠጥ በገበያው የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሐረሮች ፈቃዱን ቁጭ ብለው አልጠበቁም መቼስ።

ለኬሚስት ግን ድስቱ ላብራቶሪ ነው። ውሃው ማሟሚያ ነው፤ ከቅጠሉ ካፌይንን እንዲሁም ፖሊፊኖል ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ክሎሮጀኒክ አሲድና ማንጂፈሪንን ይስባል። ማንጂፈሪን ማንጎ ውስጥም አለ፣ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው።

ዋናው ጣጣ ሙቀቱ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ካፌይን ያሟሟል። 100 ዲግሪ ሲደርስ ከ60 ግራም በላይ ይችላል። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለካፌይን ይህ ይበቃል። ክሎሮጀኒክ አሲድ ግን ሙቀት ሲበዛበት ይፈርሳል። ቅጠሉ በደንብ ሲታመስ መዓዛው ያምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ እኔ በበኩሌ መዓዛውን እመርጣለሁ።

ተመራማሪዎች ሙቀቱን፣ ደቂቃውን፣ የቅጠሉን የመድቀቅ ልክና የውሃውን መጠን አንድ በአንድ ብቻ አይፈትሹም። አንዱ ሲቀየር የሌላው ልክ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ1951 የስታቲስቲክስ ሊቁ ቦክስና ኬሚስቱ ዊልሰን ያቀረቡት ስሌት ሁሉንም አብሮ እየለዋወጠ በጥቂት ሙከራ የተሻለውን ልክ ይፈልጋል።

ማሟሚያውም ይቀየራል። ለፖሊፊኖል ውሃ የተቀላቀለበት አልኮል ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ለየብቻ ይሻላል። ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር ግፊት በላይ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ዘይትነት ያላቸውን ነገሮች ያወጣል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ በንኖ ይሄዳል። ማሽኑ ግን ውድ ነው። ርካሹ ዘዴ ያንኑ ማሟሚያ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማውጣት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደማለት።

አልጌ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ስፒሩሊና የሚባለው ለምግብ የሚውል አልጌ ሰማያዊ ቀለም፣ ፋይኮሲያኒን፣ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ ሴሉን በማቀዝቀዝና በማቅለጥ ሰባብረው በቀዝቃዛ ውሃ ያወጡታል። እንደ ቁጢ ያንተከተከው ሰው ሰማያዊውን ያጣዋል።