ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ፦ በገደልና በአለት መካከል የሚሄድ መንገድ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ለእኔ በአገራችን ካሉት የመኪና መንገዶች ሁሉ የሚያምረው ነው። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው። ብዙ ተሳፋሪ በሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፋ ያልፈዋል። ያሳዝናል።

ከተማውን ለቀቅ እንዳሉ ወለቃ ይገኛል፤ በሸክላ ሥራቸው የሚታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረው መንደር ነው። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ኮሶዬ ላይ መኪናውን አቁሞ መውረድ ግድ ነው። ደጋው እዚያ ላይ ቁርጥ ይላል፤ ከስር ቆላው ይዘረጋል፣ ከማዶ የስሜን ተራሮች ይታያሉ። አምባ ጊዮርጊስና ዳባት የእርሻ አገር ናቸው፤ ቶሎ ይታለፋሉ።

ደባርቅ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው አቆጣጠር በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ በ2017 ወጥቷል። ለመግባት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬት ይቆረጣል፤ መሪና የታጠቀ ስካውትም እዚያው ይያዛል።

ሌላው መንገድ ሊማሊሞ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ፓርኩን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ሊማሊሞም ለብቻው ሊኬድለት ይገባል እላለሁ። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየፈለፈለ ያወጣው መንገድ ነው። እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ገደል ነው። ከመንገዱ ዳር ሣር የሚግጥ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ማየት ይቻላል፤ ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

አለቱን ልብ ብሎ ላየ ሰው ንብርብሩ ይታየዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ደጋግሞ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየረጋ የሠራው ነው። ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ብሎ ገደል ሆኖ ቀርቷል። በመሃል ያለውን ለስላሳውን ውሃ እየሸረሸረው እርከን አበጅቷል። ጎርፉ ዛሬም አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ዛሪማና አዲ አርቃይ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል። ብርዱ በሙቀት ይተካል፣ ግራር ይበዛል። ውሃና ዘመን ያልጨረሷቸው ሹል ጫፎችና አናታቸው ጠፍጣፋ አምባዎች ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ። በበጋ አገሩ ደርቆ በረሃ ስለሚመስል የአለቱ መልክ በደንብ የሚለየው ያኔ ነው። አረንጓዴና አበባ የሚወድ ደግሞ መስከረምና ጥቅምትን ይምረጥ። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ናዳም ያሰጋል።

ቁልቁለቱን መኪና በከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ ይሻላል፤ ፍሬን ላይ ብቻ ከተደገፉ ይግላል፣ አልይዝም ይላል። ጥምዝ ላይ ጡሩንባ ማሰማት፣ ጭኖ ለሚወጣ ከባድ መኪና ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል። የአካባቢው ፀጥታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት ጎንደር መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን መጠየቅ ጥሩ ነው። ጉዞው በቀን ብርሃን ይሁን።