«ገና ይዞራል» ስለሚባለው የመኪና ቁልፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያረጀ መኪና የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱ ዘዴ አለው፤ ቁልፉን አስገብቶ ጥቂት ወደ ኋላ ይስባል፣ ቀና ያደርጋል፣ ከዚያ ያዞራል። መኪናውን ለሌላ ሰው ሲያውስም ቁልፉን ከነመመሪያው ነው የሚያስረክበው። ዘዴው ግን ዕድሜው አጭር ነው።

ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፉ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ቅጠል በልኩ አንስተው ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ያደርጉታል፤ ሲሊንደሩ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ቅጠል እንኳ ጥቂት ወጣ ብሎ ከቀረ ሲሊንደሩን አላዞርም ብሎ ይይዘዋል። ቁልፉና ቅጠሎቹ ለዓመታት ሲፋተጉ ደግሞ ሁለቱም ያልቃሉ።

«ቁልፉ ካለቀ በእሱ ልክ ሌላ ማስቀረጽ ይበቃል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የመቅረጫው ማሽን የሚከተለው ፊቱ ያለውን ቁልፍ ቅርጽ ስለሆነ የተበላውን ጥርስ እንደተበላ ይገለብጠዋል፤ የራሱን ጥቃቅን ስህተትም ይጨምርበታል። ከቅጂው ሌላ ቅጂ ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። ትክክለኛው መንገድ ቁልፉን በፋብሪካው ኮድ ማስቀረጽ ነው። ኮዱ ከአዲሶቹ ቁልፎች ጋር በሚመጣው ትንሽ የብረት ምልክት ላይ ወይም በአንዳንድ መኪኖች በበሩ ሲሊንደር ላይ ይገኛል፤ በሻንሲ ቁጥር ከአምራቹ ወኪል ማግኘት የሚቻልበት ጊዜም አለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን ተጠባባቂ ቁልፍ መሞከር ነው። እሱ በቀላሉ ካዞረ ጥፋቱ የዘወትሩ ቁልፍ ነው። እሱም ከተቸገረ ሲሊንደሩ ራሱ ሳያልቅ አይቀርም። አንዳንዴ አዲሱ ቁልፍ ጭራሽ አላዞር ብሎ አሮጌው ያዞራል፤ ይህም አያስገርምም፣ ቅጠሎቹ አብሯቸው ካረጀው ቁልፍ ጋር ተላምደዋልና።

«ዘይት ጠብ ማድረግ ይፈታዋል»

ለጥቂት ቀናት አዎን። ከዚያ ዘይቱ አቧራውንና ከናሱ የረገፈውን ብናኝ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል፣ ቅጠሎቹም ይጣበቃሉ። ለዚህ ቦታ የሚስማማው የግራፋይት ዱቄት ወይም ደረቅ የቴፍሎን ቅባት ነው። ቀድሞ ዘይት የገባበት ከሆነ መጀመሪያ ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ግራፋይት በዘይት ላይ ሲነሰነስ ራሱ ጭቃ ነው። የትኛውም ቅባት ቢሆን የተበላን ብረት አይመልስም።

«አልዞር ካለ ጉልበት መጨመር ነው»

ብዙ ጊዜ የያዘው ሲሊንደሩ ሳይሆን የመሪው መቆለፊያ ነው። ጎማው ዞሮ ወይም ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተደግፎ ሲቆም መሪው መቆለፊያውን በኃይል ይጫነዋል። በአንድ እጅ መሪውን ወደሚላላበት አቅጣጫ ገፋ እያደረጉ በሌላው ቁልፉን በቀስታ ማዞር በቂ ነው። ጉልበት የጨመረ ሰው የሚያተርፈው ሲሊንደሩ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ግማሽ ቁልፍ ነው።

«ወጣ ያለውን ቅጠል በሞረድ ማስተካከል ይቻላል»

ይቻላል፣ ወዲያውም ይዞራል። እዚህ ላይ ግን ልከራከር፦ የተሞረደ ቅጠል የራስን ቁልፍ ከሌላው መለየት ያቆማል። ብዙዎቹ ከተሞረዱ ሲሊንደሩን በካቻቪቴ ማዞር ሊቻል ይችላል፤ ያ ጥገና አይባልም። ቅጠሎች በተለያየ ቁመት ተሠርተው ይሸጣሉ፤ ያለቁትን አውጥቶ በየቦታቸው ተመሳሳይ ቁመት ያላቸውን አዳዲሶች መግጠም ሲሊንደሩን ወደ ቀድሞው ልኩ ይመልሰዋል። ሙሉ ሲሊንደር መቀየር ግድ ከሆነም የአዲሱን ቅጠሎች ከበሩ ቁልፍ ጋር ማስማማት ስለሚቻል ሁለት ቁልፍ ይዞ መዞር የለም።

«ሞተሩ ካልተነሳ ሲሊንደሩ ተበላሽቷል»

ሲሊንደሩ መካኒካል ክፍል ነው። ከጀርባው ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ ብዙውን ጊዜ የተለየ ዕቃ ነው። ቁልፉ በደንብ እየዞረ የዳሽቦርዱ መብራት ከጠፋ ወይም ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ባትሪውንና ማብሪያውን መፈተሽ ይቀድማል።

«የቁልፍ መያዣው ክብደት ምንም አያመጣም»

የተንጠለጠለው ክብደት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሲወዛወዝ ቅጠሎቹን ይበላል። ከዚህ የከፋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና የጠራው ማብሪያው ልል ስለነበረ ነው፤ በከባድ የቁልፍ መያዣ ወይም በንቅናቄ ከቦታው ሲንሸራተት ሞተሩ ይጠፋ፣ የአየር ከረጢቱም ሳይከፈት ይቀር ነበር። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞት ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተቀብሏል። ያ ጉድለት የማብሪያው እንጂ የሲሊንደሩ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥገናው እስኪደርስ ለባለመኪኖቹ የተሰጠው ምክር ከቁልፉ በቀር ሁሉንም ከመያዣው አውጡ የሚል ነበር።

ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተስቦ የሚወጣ ከሆነም እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ሲሊንደሩ ቁልፉን መያዝ ያልቻለው ስላለቀ ነው።

«ፈጽሞ እስኪቆም ይሥራ፣ ያን ጊዜ ይጠገናል»

በብዙ መኪኖች ሲሊንደሩን ለማውጣት ቁልፉን ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ማዞርና በትንሽ ቀዳዳ በኩል የሚይዘውን ፒን በቀጭን ብረት መጫን ያስፈልጋል። ቁልፉ እየዞረ ሳለ ይህ አጭር ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ከተቆለፈ በኋላ ግን ያ መንገድ ተዘግቷል፤ የሚቀረው መሰርሰር ነው፣ መሰርሰሪያው ደግሞ የመሪውን ቤት ሊያበላሽ ይችላል። መሪው ላይ የአየር ከረጢት ካለ ከየትኛውም መፍታት በፊት ባትሪውን ነቅሎ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው።