«ሁለትና ሁለት አምስት ነው»፦ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ዓይን ያወጣ ውሸት ከላይ ሲነገር፣ መከራከርም ዋጋ የሚያስከፍል ሲሆን፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እሺ፣ ሁለትና ሁለት አምስት ነው» ይላል። አባባሉ በብዙ ቋንቋ ይሠራበታል። ትርጉሙን ለጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ግልጽ ውሸት ማለት ነው» የሚል ነው።

እኔ በዚህ መልስ አልረካም። ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ተራ ውሸታም እኮ በአንድ በኩል ያከብረናል። እንዳንነቃበት ይለፋል። ማስረጃ ይደብቃል፣ ምስክር ያዘጋጃል፣ የትናንቱን ወሬ ከዛሬው ጋር ለማስማማት ሲጨነቅ ያድራል። «ሁለትና ሁለት አምስት ነው» የሚል ባለሥልጣን ግን የሚደብቀው ነገር የለም። ሁለቱም ሁለቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰሚው አራት መሆኑን እንደሚያውቅ እሱም ያውቃል። የሚፈልገው ሰሚው አፉን ከፍቶ «አምስት» እንዲል ነው። «ዓይን ያወጣ ውሸት» ስንል የውሸታሙን ድፍረት ማለታችን ነው። እዚህ አባባል ውስጥ ግን የሚወጣው የሰሚው ዓይን ነው።

አባባሉን ከሁሉ በላይ ያስተዋወቀው የጆርጅ ኦርዌል «1984» የተባለው ልብ ወለድ ነው። የታተመው በ1949 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ የሚሠራው «የእውነት ሚኒስቴር» በሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው የድሮ ጋዜጣ ማረም ነው። ማረም ሲባል፣ መንግሥት ትናንት የተናገረው ከዛሬው ጋር እንዲገጥም ትናንትን እንደ አዲስ መጻፍ ማለት ነው። ዊንስተን ተደብቆ የሚጽፍበት ደብተር አለው። እዚያ ላይ አንድ ቀን ነፃነት ማለት ሁለትና ሁለት አራት ነው ማለት መቻል ነው፣ ይህ ከተፈቀደ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል የሚል ሐሳብ ያሰፍራል።

ሲያዝ ይህችው ሐሳብ ምርመራ ክፍል ውስጥ ትጠብቀዋለች። መርማሪው ኦብራየን ግራ እጁን ያነሳል። አውራ ጣቱን አጥፎ አራቱን ዘርግቷል። ስንት ነው? ይለዋል። አራት። ገዥው ፓርቲ አምስት ነው ቢልስ? አራት። ዊንስተን ተጋድሞ ታስሯል፤ ከሰውነቱ ጋር የተያያዘ የማሰቃያ መሣሪያ አለ። የመሣሪያው መርፌ 55 ላይ ይወጣል። ስንት ነው? አራት። 60። አራት። መጨረሻ ላይ ሲብስበት «አምስት! አምስት! አምስት!» እያለ ይጮሃል።

ኦብራየን ግን አይቀበለውም። ትዋሻለህ፣ አሁንም አራት ነው ብለህ ነው የምታስበው ይለዋል። ሥቃዩ ይቀጥላል።

ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሌላ ገራፊ ቢሆን እዚህ ላይ ሥራው አልቋል። የተፈለገው ቃል ወጥቷል፣ ይፈረምና ይታሸጋል። ኦብራየን የሚፈልገው ግን ከአፍ የወጣ አምስት አይደለም። ዊንስተን አራቱን ጣቶች እያየ አምስት እንዲታዩት ነው። ደግሞም ይሳካለታል፤ ቆይቶ፣ ለአንድ አፍታ፣ እውነትም አምስት ይታዩታል።

የእኛ ተረት «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል። የድሮ ገዥ የሚጠይቀው ይህን ያህል ነበር፦ አትክሰስ፣ ዝም በል፣ ግብርህን አምጣ። ቤቱ ገብቶ በሆዱ ያሻውን ቢያስብ ማንም አይጠይቀውም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ማደር ይቻል ነበር። ጨቋኝ የሚባሉት ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሁሉን ልጠቅልል የሚል ሥርዓት፣ በእንግዳ ቃሉ ቶታሊታሪያኒዝም የሚባለው፣ ሆድንም አይተውም። አባባሉ ከ«ግልጽ ውሸት» የሚለየው በዚህ ነው። ትርጉሙን በአንድ መስመር ጻፍ ብባል «ሆድ ይፍጀው ማለት የተከለከለበት ቦታ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ለምን ሒሳብ ተመረጠ? በፖለቲካም በታሪክም ሰው ሊከራከር ይችላል። «እኔ አልነበርኩም፣ ማን ያውቃል» ማለትም ይቻላል። መደመር ግን ምስክር አይፈልግም፤ ሁሉም ሰው ብቻውን፣ በጣቱ ሊያጣራው ይችላል። ለሰው የቀረችውን የመጨረሻዋን የግል ዳኝነት የሚወስድ ሰው ሌላውን መውሰድ አይከብደውም። በዚያው ልብ ወለድ ውስጥ ለሳምንት የሚታደለው ቸኮሌት ከ30 ግራም ወደ 20 ግራም ይቀነሳል። በማግስቱ ዜናው ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለ ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ መሪውን አመሰገነ ይላል። ዊንስተን ዙሪያውን ያያል። ያስታወሰ ሰው ያለ አይመስልም። ገና አንድ ቀን ነው ያለፈው። ከጣቶቹ ትዕይንት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይቺ ናት፤ ገራፊ እንኳ አላስፈለገም።

አመጣጡ ላይ ስንመጣ፣ ኦርዌል ፈጣሪው አይደለም። ሒሳቡን ያገኘው ከእውነተኛ ማስታወቂያ ነው። ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1928 ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ «አምስቱን በአራት ዓመት!» የሚል መፈክር መጣ። በ1931 ያኮቭ ጉሚነር የተባለ ሠዓሊ ይህን በፖስተር አወጣው፦ 2+2፣ ሲደመር የሠራተኛው ወኔ፣ እኩል ይሆናል 5። (ፖስተሩ ቢያንስ ምን እንደጨመረበት ተናግሯል።) በዚያን ጊዜ ሞስኮ የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ዩጂን ላየንስ ቀመሩን በየሕንፃው ግንባር በኤሌክትሪክ መብራት ተጽፎ አይቶታል። በ1937 ስላሳለፋቸው ዓመታት መጽሐፍ ሲያሳትም አንዱን ምዕራፍ በዚሁ ሰየመው። ኦርዌል መጽሐፉን አንብቦ በ1938 ሒስ ጽፎበታል። በ1939 በጻፈው ሌላ ሒስ ደግሞ መሪው ካለ ሁለትና ሁለት አምስት የሚሆንበት ዘመን እየመጣ ይሆናል ብሎ ይሰጋል። ልብ ወለዱ ሊታተም ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በጃንዋሪ 1937 ሶቪየት ኅብረት ሕዝቧን ቆጠረች። ስታሊን ቀደም ብሎ ሕዝባችን በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ያህል እየጨመረ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። ቆጠራው 162 ሚሊዮን ገደማ አወጣ፤ ከተጠበቀው በብዙ ሚሊዮን ያነሰ ነው። በ1932 እና 1933 በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከቁጥሩ ውስጥ አልተገኘም፣ ሊገኝም አይችልም። ታዲያ የተሰረዘው ቆጠራው ነው። ሥራውን ከመሩት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ተረሸኑ። በ1939 እንደገና ተቆጠረና 170 ሚሊዮን ወጣ። ሁለተኛዎቹ ቆጣሪዎች እርሳሳቸውን ሲያነሱ ምን እያሰቡ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ከሶቪየቶችም በፊት አባባሉ ነበረ። ፈረንሳይ ውስጥ ሉዊ ናፖሊዮን በዲሴምበር 1851 መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ወዲያው ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ደገፈኝ አለ። የተሰደደው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ በ1852 በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ድምፅ ሁለትና ሁለት አምስት ነው ብሎ ቢወስን ምን ይፈይዳል የሚል ክርክር አነሳ። የእሱ ነጥብ ድምፅ በዝቶም እውነት አይለወጥም ነው። እስከዚህ ድረስ አራት የነፃ ሰው ነው፣ አምስት የገዥ።

አሁን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለ አባባሉ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘሉት ይገርመኛል።

የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ የ1864 አጭር ልብ ወለድ ተራኪ ስሙ ያልተጠቀሰ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ ቁጡ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው አራትን ይጠላል። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ማለት ለእሱ ወገቡን ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ፣ አላሳልፍም ብሎ ምራቁን የሚተፋ ባለጌ ነው። ሳይንስ የሰውን ፍላጎት ሁሉ አስልቶ ሰንጠረዥ ካወጣለት ሰው የፒያኖ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል ይላል። ስለዚህ አንዳንዴ አምስትም ደስ የምትል ነገር ናት። ለእሱ ነፃነት ያለው አምስት ጋ ነው።

ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ዬቭጌኒ ዛምያቲን ይህን ክር ይዞ ሄደ። መርከብ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር፣ ስለዚህ ሒሳብ አያስፈራውም። በ1920 እና 1921 የጻፈው «እኛ» የተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። ተራኪው ዲ-503 ይባላል። ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው፤ መጋረጃ የሚወርደው በፈቃድ፣ ለተመደበ ሰዓት ነው። የዚህ አገር መንግሥት ስለ አምስት ተናግሮ አያውቅም። የሚያመልከው አራትን ነው! ባለቅኔው ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ውስጥ ለዘላለም ተፋቅረው ስለሚኖሩት ሁለቶች ግጥም ይገጥማል። የማባዣ ሰንጠረዥ ስለማይሳሳት ደስታም ፍትሕም እሱ ነው። ልክ ያልሆነው ሰው ነው፤ ሐሳቡ ወጣ ገባ ስለሚል። ለዚህም መፍትሔ ተገኝቷል፣ ምናብን ከጭንቅላት የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በ1924 ወጣ። በገዛ አገሩ ግን እስከ 1988 መጠበቅ ነበረበት። ኦርዌል በፈረንሳይኛ አንብቦት በ1946 ጽፎበታል።

ታዲያ ነፃ ሰው የትኛውን ይበል? አራትን ወይስ አምስትን? ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳነብ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ዲ-503ም ዊንስተንም የተነጠቁት አንድ ነገር ነው፤ ጣታቸውን ዘርግተው ራሳቸው መቁጠር። አንደኛው ተቆጥሮ ይሰጠዋል፣ መልሱም ልክ ነው። ሁለተኛውም ተቆጥሮ ይሰጠዋል፣ መልሱ ስህተት ነው። ኦብራየን እንዲያውም አንዳንዴ አምስት ነው፣ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይላል። አምስትን አፍቅሮ አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ አባባሉ አለቦታውም ይገባል። በሐሳብ ያልተስማማንን ሰው ሁሉ «አንተ ሁለትና ሁለት አምስት ነው የምትል ነህ» ማለት ተለምዷል። ይኼ ማጋነን ነው። የተሳሳተ ሰው ቆጥሮ ነው የተሳሳተው። አባባሉ የሚገባው መቁጠር ሲከለከል ነው።

አንድ የማተሚያ ቤት ታሪክ ልጨምር። ልብ ወለዱ መጨረሻ አካባቢ ዊንስተን ከእስር ወጥቶ ካፌ ተቀምጧል። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። ሳያስበው በጣቱ አቧራው ላይ 2+2=5 ብሎ ይጽፋል። በአንዳንድ የእንግሊዝ እትሞች ላይ ግን አምስቷ ቁጥር ከኅትመቱ ወድቃ ለአሥርተ ዓመታት ሳትመለስ ቆየች። እነዚያን ቅጂዎች የገዛ አንባቢ ያገኘው 2+2= የሚል ነው፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ዊንስተን እንዳልተሸነፈ፣ ቀሪውን መጻፍ እንቢ እንዳለ አድርጎ መጽሐፉን የዘጋ ሰው አይጠፋም።