ልኬትና ስሌት በጎንደር የሳይንስ ትምህርት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ልኬትና ስሌት የሳይንስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዛቸው የሚገቡ ሁለት ሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያው መሣሪያን በትክክል ማንበብና ያነበቡትን ከነአሃዱ መመዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተመዘገበው ቁጥር ተነሥቶ መሣሪያው በቀጥታ ወደማያሳየው መጠን መድረስ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለቱ ሙያዎች በጎንደር ከተማ የነበራቸውንና ዛሬም ያላቸውን ቦታ ይመለከታል።

ብዙዎቹ ጸሐፍት እንደሚስማሙበት ጎንደር የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። ከተማዋ በአብነት ትምህርት ቤቶቿ የታወቀች ስትሆን፣ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ለስሌት በጣም የሚቀርበው የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ነው። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. በዓላትን የሚያወጣ ተማሪ 5,500 ዘመንን ከ2017 ጋር ደምሮ 7,517 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር ዘመን) ያገኛል፤ ይህን በ19 ሲገድፈው፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ፣ 12 ይቀራል፤ ከዚያ አንዱን ለዘመኑ ሲተው ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 29 ይወጣል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 29 ረቡዕ ስለሆነ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 4 ይጨመርና 33 ይሆናል፤ ይህም በ30 ሲገደፍ 3 ስለሚቀር ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካም ከ69 ቀን በኋላ ሚያዝያ 12 ይውላሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ለሳይንስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት የሚሆነው አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 መሆናቸው ነው፤ ድምሩ 30 ካልመጣ አስሊው የተሳሳተበትን ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋል። ውጤትን በሌላ መንገድ መፈተሽ የሚባለው ይኸው ነው።

በገበያው ደግሞ ስንዝር፣ ክንድ፣ ጣሳና ቁና ሲያገለግሉ ኖረዋል።

በከተማዋ ልኬትን የሙያ ግዴታ ያደረገው ግን የጤና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደቀጠፈ ይነገራል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ተቋም ጋር በመተባበር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠሩ ያሰማራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ብቻውን የሚቆም ባለሙያ በቁጥር ቢሳሳት አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው የለምና፣ ለሠልጣኙ ልኬት በፈተና ከሚያገኘው ነጥብ የሚበልጥ ጉዳይ ነበር።

ከኮሌጁ መነሻ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ስሌት የወባ ተውሳክ (በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ነፍስ) ቆጠራ ነው። የላቦራቶሪ ተማሪው በወፍራም የደም ቅብ ላይ 200 ነጭ የደም ሕዋሳትን እስኪጨርስ ድረስ አብረው የሚታዩትን ተውሳኮች ይቆጥራል፤ ተውሳኮቹ ከ100 ካነሱ ቆጠራውን እስከ 500 ነጭ ሕዋሳት ያስቀጥላል። 120 ተውሳክ ቢቆጥር 120ን ለ200 አካፍሎ በ8,000 ያባዛና በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 4,800 ተውሳክ ብሎ ይመዘግባል። ቁጥሩን ጽፎ ከማለፉ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ 8,000 ለነጭ ሕዋሳት የተወሰደ አማካይ እንጂ የታማሚው የራሱ ልክ አይደለም፤ የታማሚው ነጭ ሕዋሳት ተቆጥረው 5,000 ቢገኙ ውጤቱ 3,000 ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአጋጣሚ የሚመጣው የቆጠራ ልዩነት በግምት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ ለ120 ይህ 11 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ በየአቅጣጫው 9 በመቶ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት አንባቢዎች አንዱ 4,800 ሌላው 4,500 ቢሉ ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

በሕሙማን ክፍል የሚሠራው ስሌት ከዚህ ይቀልላል፤ ጥፋቱ ግን ፈጥኖ ይታያል። 1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘና ቱቦው ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.7 ይመጣል፤ ግማሽ ጠብታ ስለማይቆጠር 42 ይባላል። ቱቦው ባለ 15 ጠብታ ከሆነ ግን መልሱ 31 ነው፤ በመሆኑም ተማሪው ከማስላቱ በፊት የቱቦውን ማሸጊያ ማንበብ አለበት። በረኪናን ማቅጠንም እንዲሁ ነው። ከ5 በመቶ በረኪና 0.5 በመቶ ለማዘጋጀት 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ «አንድ ለአሥር» የሚለውን ሰምቶ 10 እጅ ውሃ የሚያፈስ ተማሪ 0.45 በመቶ ያገኛል።

ጎንደር ለልኬት ትምህርት ያላት ሌላው ጸጋ ከፍታዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ የውሃ ነጥበ ፍሌት (ውሃ የሚፈላበት ሙቀት) በ100 ፈንታ ወደ 93 ዲግሪ ሴልሲየስ ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ 93 እያሳየው በመጽሐፍ ያነበበውን 100 የሚጽፍ ተማሪ በሁሉም ትምህርት ቤት አይጠፋም፤ መምህሩ ይህን ያለ ማብራሪያ ቢያልፈው ተማሪው መሣሪያውን አለማመንን ይማራል። የጋዝ ስሌትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል፦ አንድ ሞል ጋዝ በ0 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት 22.4 ሊትር ይይዛል፤ በጎንደር ግፊትና በ20 ዲግሪ ግን 31 ሊትር ገደማ ይሆናል። የስበት ፍጥንጥነት (የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ የሚጨምርበት ልክ) እንኳ በከተማዋ 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ያህል ስለሆነ፣ በፔንዱለም ለክቶ 9.8 ያገኘ ተማሪ ከ9.81 ራቅሁ ብሎ ሊጨነቅ አይገባውም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው አሃዶቹንና ቋንቋውን አንድ ላይ ይለማመዳል። በብሔራዊ ፈተና ካልኩሌተር ስለማይፈቀድም ቁጥሮችን በአሥር ርቢ ጽፎ በእጅ ማባዛትና መልሱን አስቀድሞ መገመት የግድ ናቸው። ዘወትር የሚያስቸግረው የጉልህ አሃዞች፣ ማለትም ከልኬቱ የተነሣ ሊታመኑ የሚችሉት አሃዞች፣ ጉዳይ ነው፤ በሚሊ ሜትር በተከፈለ ማስመሪያ የተለካ ርዝመት ሲካፈል ካልኩሌተሩ ዘጠኝ አሃዝ ስላወጣ ዘጠኙም እውነት አይሆኑም። ለዚህ ራስ ደጀን ጥሩ ማሳያ ነው። የቆዩ መጻሕፍት ከፍታውን 4,620 ሜትር ሲሉ የኋለኞቹ 4,550 ይላሉ፤ የ70 ሜትሩ ልዩነት ከ2 በመቶ በታች ቢሆንም ከመጀመሪያው አሃዝ በኋላ ያሉት ለብዙ ጊዜ አጠራጣሪ እንደነበሩ ያሳያል።

መሣሪያ በሚያንስበት ትምህርት ቤት በጥላ መለካት ይቻላል። ቀጥ ብሎ የቆመ የ1 ሜትር ዘንግ 0.62 ሜትር ጥላ ሲጥል የአንድ ግንብ ጥላ 9.3 ሜትር ቢሆን፣ የግንቡ ቁመት 15 ሜትር ይሆናል፤ ጥላዎቹ የተነበቡት በሁለት ጉልህ አሃዝ ስለሆነ 15.0 ብሎ መጻፍ አይገባም። ሁለቱን ጥላዎች በአንድ ሰዓት መለካት ያስፈልጋል። በጎንደር ፀሐይ በቀኑ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በቡሄ ሰሞን፣ በትክክል አናት ላይ ስለምትሆን የዘንጉ ጥላ ለጥቂት ደቂቃዎች ፈጽሞ ይጠፋል። የነሐሴው ቀን በደመና ስለሚሸፈን ሙከራውን ለማሠራት የሚመረጠው የሚያዝያው ነው።