6 ቁጥር ጥርስ የትኛው ነው? ስለ አንዲት የጥርስ ሐኪም ምልክት የሚነገሩ ስህተቶች

ከቁጥር ጎን የምትቆም ትንሽ ማዕዘን ናት፤ አንድ ቁም መስመር፣ አንድ አግድም መስመር፣ በቃ። በእንግሊዝና በጃፓን የጥርስ ሐኪሞች ካርድ ላይ ትገኛለች። ኮምፒውተርም ልክ እንደ ፊደል ያውቃታል፤ እንዴት እንደሚያውቃት ግን ፕሮግራመሮችም ሳይቀሩ ይሳሳታሉ።

«እያንዳንዱ ጥርስ የራሱ ኮድ አለው»

የለውም። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው፤ አፉን ለአራት ስንከፍለው ለየሩቡ 8 ይደርሰዋል። የቪየናው አዶልፍ ዚግሞንዲ በ1861 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም አሜሪካዊው ኮሪደን ፓልመር ያስተዋወቁት ዘዴ ጥርሶቹን ከፊት መሃል ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራል። የየትኛው ሩብ እንደሆኑ የምትናገረው ማዕዘኗ ናት።

ካርዱ የሚሞላው ሐኪሙ ታካሚውን ፊት ለፊት እንደሚያየው ስለሆነ የታካሚው ቀኝ በወረቀቱ ግራ ይውላል። ስለዚህ የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ ሲጻፍ 6 ይቀድማል፤ በቀኝ ቁም መስመር፣ ከታች አግድም መስመር ያላት ማዕዘን ትከተለዋለች። 6 ማንኛውም ሰው የሚጽፈው ተራ አኃዝ ነው። ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ በዩኒኮድ፣ የራሷ ቁጥር የተሰጣት ማዕዘኗ ናት፤ እሱም 9164 ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መረጃው ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ሲሻገር ማዕዘኗ በጥያቄ ምልክት ብትተካ «6» ብቻውን ይቀራል፤ ከአራት ጥርሶች አንዱ ይሁን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ከ1 እስከ 32 መቁጠር የለመደ አሜሪካዊ ሐኪም እጅ ከገባማ የላይኛውን ቀኝ ክራንቻ ነው የሚያስበው! ያ መንጋጋ በእሱ አቆጣጠር 3፣ በዓለም አቀፉ ባለ ሁለት አኃዝ አጻጻፍ ደግሞ 16 ነው።

«ሳጥን ሆኖ ከታየ ኮዱ የለም ማለት ነው»

ይህንንስ እኛ እናውቀዋለን። የአማርኛ መልእክት በድሮ ስልክ ላይ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ሲመጣ ፊደሉ ጠፍቶ አልነበረም፤ ስልኩ የግዕዝ ፎንት ስላልነበረው እንጂ። ኮዱ ቁጥር ነው፣ መልኩን የሚስለው ፎንቱ ነው። 9164ም እንደዚሁ።

«የሰንጠረዥ መሥሪያውን መስመር ብጠቀም ያው ነው»

ለዓይን ያው ነው። 9496 ቁጥር ያለው የሰንጠረዥ ማዕዘን ቁርጥ እሷን ይመስላል፤ የተሠራው ግን ከጎረቤቱ መስመር ጋር ተያይዞ ሣጥን እንዲያበጅ ነው። 9164ን የሚፈልግ ፕሮግራም 9496ን አያገኝም።

«ዩኒኮድ ለዓለም የጥርስ ሐኪሞች ብሎ የፈጠረው ነው»

መነሻው ጃፓን ነው። ጂስ ኤክስ 0213 የተባለው የጃፓን የፊደላት ኮድ ደረጃ በ2000 ምልክቶቹን ይዞ ወጣ፤ ዩኒኮድም በ2002 በወጣው 3.2 እትሙ ተቀበላቸው፤ የጃፓኑ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ሄዶ ሳይጎድል እንዲመለስ። ከ9150 እስከ 9164 ድረስ 15 ናቸው፦ አራቱ ማዕዘኖች፣ ሁለት ባለ ሦስት ክንድ መስመሮች፣ የቀሩት ዘጠኙ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ሞገድ የተጨመረባቸው። የአፉን ሙሉ ሰንጠረዥ፣ የላዩን ከታቹ አደራርቦ ማስቀመጥ ግን የዩኒኮድ ሥራ አይደለም፤ እሱን የሚያሰናዳው ፕሮግራሙ ነው።

«የጥርስ ኢሞጂውም ያው ምልክት ነው»

ኢሞጂው በ2018 የመጣ ሥዕል ነው፣ ቁጥሩም 129463። የትኛው ጥርስ እንደሆነ አይናገርም። የዩኒኮድን ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ባይት በሚቀይረው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሲቀመጥ 4 ባይት ይፈጃል፤ ማዕዘኗ ግን ሦስት ብቻ፦ 226፣ 143፣ 140። የእኛ «ሀ»ም ሦስት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። ለዚህ ነው ማይኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ውስጥ ያለው፣ እስከ 3 ባይት ብቻ የሚቀበለው የቆየ «ዩቲኤፍ8» አማርኛውንም ማዕዘኗንም በደህና አስቀምጦ ኢሞጂው ላይ ሲደርስ የሚያንገራግረው።